ፍራሽ ሥር የገባው ሐይቅ

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ከሚኖሩ አንዲት እናት የተላከ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችላቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ስትሆን፣ በየመሐሉ «ይህን ያለችው እማዬ ናት፤ እኔ አይደለሁም» የሚል ማሳሰቢያ ስላስገባችበት ስናነበው ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ጉዳዩ ግን ቤት የሚያናጋ ጉዳይ ነው።

የእኚህ እናት ትልቁ ልጅ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከዒድ አል-አድሐ በኋላ ባለው ሳምንት በአካባቢያቸው በሚገኝ አዳራሽ የእጅ ሥራቸውን ለሕዝብ ሊያሳዩ ተስማምተዋል። ለትርዒቱ የሰጡት ስም «ለውጥ» የሚል ነው። ሁለቱ ሴቶች ስፌት ያቀርባሉ። አንዱ እንጨት ይቀርጻል። አንዱ በእጅ ስልኩ ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳጥቦ ይሰቅላል። የእሳቸው ልጅ ደግሞ ሐይቁን ሥሏል። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ሦስት የውሃ ዳርቻዎች አሉ፦ አያቱ በእንስራ ይቀዱበት የነበረው፣ እሱ በልጅነቱ ዋና የተማረበት፣ የዛሬው። በዛሬው ዳርቻ ላይ አንድ ሰማያዊ የውሃ ሞተር ከነጎማው ተቀምጧል። ሰው የለበትም፤ ከብትም ወፍም የለበትም።

አባት ሥዕሉን ባዩ ጊዜ «ሥዕል ሐራም ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ደግሞስ ወሎን በችግር ያልሣለ ማን አለና ነው እናንተ የምትጨምሩበት!» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ፍራሽ ሥር ከተቱት። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአባቱ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ትቷል። እናቲቱ የሚጠይቁን እንዲህ ነው፦ «ሐራም ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝና ልጄን ልመልስ። ካልሆነም ንገሩኝና የልጆቼን አባት በወጉ ላስረዳ።»

በመጀመሪያ ለወጣቱ አንድ ነገር ማለት እንወዳለን። አባትህ «ሐራም ነው» ሲሉ ከመሬት ተነስተው የተናገሩ አይደሉም። ሕያው ነገርን በሥዕል የሚቀርጹ ሰዎች በመጨረሻው ቀን ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው የሚያስጠነቅቁ ሐዲሶች በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግበው ይገኛሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሥዕል ያለበት መጋረጃ ቤታቸው ውስጥ ሰቅለው ሳለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመንገድ ሲመለሱ አይተው እንዳልወደዱትና መጋረጃው ተቀዶ ትራስ እንደተሠራበት የታወቀ ነው። በሀገራችን ሙስሊም ቤት ግድግዳ ላይ የሰው ምስል ሲሰቀል አባቶችና እናቶች ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ይህን ትምህርት ከቁርኣን ቤት ጀምሮ ይዘውት ስላደጉ ነው። «ድሮ ቀር» ብሎ ማለፍ አደብ ማጣት ይሆናል።

ነገር ግን ትምህርቱ እዚያ ላይ አያቆምም። በሥዕል የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መጥቶ ስለ ሥራው በጠየቃቸው ጊዜ ማስጠንቀቂያውን አሰሙት። ሰውየው ደነገጠ፤ ፊቱም ገረጣ። ኢብኑ ዐባስም የግድ መሣል ካለበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መከሩት። ይህም በቡኻሪ የተዘገበ ነው። እኛ በዚህ ዘገባ ውስጥ ሁልጊዜ የምናስበው ያንን የገረጣ ፊት ነው። ሰውየው እንጀራው ነበር፤ ኢብኑ ዐባስም ክልክሉን ነግረው ባዶ እጁን አልሸኙትም፤ የሚሄድበትን መንገድ አሳዩት። በሻፊዒይ መዝሀብም በሌሎቹም ዛፍን፣ ተራራን፣ ውሃንና ሕንፃን መሣል እንደማይከለከል በሰፊው ተጽፏል። ነፍስ ባለው ነገር ላይ ግን ዑለማዎች ብዙ ተነጋግረዋል፤ ከማሊኪያ መካከል ጥላ ያለውን ቅርጽ ጥላ ከሌለው ሥዕል የለዩ አሉ። ፎቶግራፍን በተመለከተ ደግሞ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተው ፎቶ ያለውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ መፍጠር አይደለም ብለው ፈቅደውታል፤ ያልተቀበሏቸውም አሉ። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች እንጂ የዚህ ዓምድ ሥራ ስላልሆነ ፎቶ አንሺው ልጅ በአቅራቢያው ያሉትን ሸይኽ ይጠይቅ። (አባቱም ቢሆኑ በኪሳቸው በያዙት ስልክ ውስጥ ስንት ፎቶ እንዳለ አብረው ቢቆጥሩ አይከፋም።)

የእናታችን ልጅ የሣለው ግን ሐይቅ ነው። ውሃና ዳርቻ፣ አንድም ሞተር። ይህንን በተመለከተ ከኢብኑ ዐባስ ምክር በኋላ የደማስቆን ታላቁን መስጂድ ማስታወስ ይበቃል። በኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱል መሊክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ705 እስከ 715 ባሉት ዓመታት ሲሠራ፣ የግቢው ግድግዳዎች በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች በተገጣጠሙ ሥዕሎች ተሸፈኑ። ትላልቅ ዛፎች አሉ፤ ቤቶችና ድልድዮች አሉ፤ ከሥራቸው ውሃ ይፈስሳል። ሰው ግን የለም፤ እንስሳም የለም። ብዙዎች ወንዙን በደማስቆ የሚያልፈው በረዳ ነው ይሉታል። ሥዕሉ ለረጅም ዘመን በልስን ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ እንደገና የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ዛሬ የበረዳ ውሃ በብዙ ሥፍራ ተመናምኗል፤ በግድግዳው ላይ ያለው ወንዝ ግን እንደሞላ ነው። የከተማይቱ ሰው ድሮ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ለልጁ ማሳየት ቢፈልግ መስጂዱ ግቢ ይዞት መግባት ይችላል።

የአርዲቦ ሰው ልጁን ወዴት ይዞ ይሄዳል?

አካባቢውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እናስረዳ። አርዲቦ፣ ሐርዲቦ የሚሉትም አሉ፣ በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በተራሮች መሐል የተኛ፣ ስፋቱ ወደ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ በወንዝ ወርዶ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይገባ ነበር። ሎጎ ሐይቅ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስበት በር የለውም። እንግዲህ ላይኛው ሲጎድል ታችኛውም ይቀርበታል ማለት ነው። የአርዲቦ ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት መሸሹን የዳርቻው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሐይቁን የለኩ ባለሙያዎችም ጽፈውታል። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ተራራው ሲራቆት ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል፤ ዝናቡም እንደ ቀድሞው ቃሉን አይጠብቅም። ከሁሉም በላይ በዓይን የሚታየው ግን ውሃውን ስቦ ለሽንኩርቱም ለጫቱም የሚያደርሰው ሞተር ነው።

እዚህ ላይ እናቲቱ በደብዳቤያቸው መጨረሻ፣ ከሰላምታው በታች፣ እንደ ቀላል ነገር የጣሏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር መጥቀስ አለብን። «ሞተሩ የእኛው ነው» ይላሉ።

ውድ አንባብያን! ይህችን ስናነብ ደብዳቤውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርነው። የአባትን ልብ መመርመር የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ውስጥን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሆኖም በሥዕሉ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሳይኖር «ሐራም» የተባለው ቃል የወጣው ስለ ሥዕል ሕግ ታስቦ ብቻ ነው ብለን ለመቀበል ቸግሮናል። ሰው በገዛ ልጁ እጅ የገዛ ሞተሩ ተሥሎ ሲያይ ምን ይሰማዋል? ያውም ሰፈርተኛው ሁሉ በሚያየው አዳራሽ ሊሰቀል ነው። የሃይማኖት ቃል ደግሞ በዚህን ጊዜ ለሁላችንም ቅርብ ነው። እኛም በየቤታችን የማንወደውን ነገር «አይፈቀድም» ብለን የምንዘጋበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ ልጆቻችን ደግሞ ቶሎ ይነቁብናል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ዛሬ ለሞተሩ ሲባል የተጠራው «ሐራም» ነገ ስለ ኸምርና ስለ ወለድ ሲነገር በወጣቱ ጆሮ ዋጋው ቀንሶ ይጠብቀናል።

ለወጣቱም ግን ቃል አለን። ያ ሞተር ደብተርህን ገዝቷል። ወረቀቱንና ቀለሙንም የገዛው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አባትህ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሐይቁን የሚመጡ ሌባ አይደሉም፤ ዝናብ ሲከዳቸው ቤተሰባቸውን ለመመገብ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሞተር የገዙ ገበሬ ናቸው። ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የሰው ልጆች የጋራ ሀብት መሆናቸውን የሚያስተምረው ሐዲስ እሳቸውን ይመለከታል፤ ግን የሚመለከተው እሳቸውን ብቻ አይደለም። በዳርቻው ስንት ሞተር አለ? አንድ ሰማያዊ ሞተር ብቻውን ተሥሎ ሲቀመጥ ክሱ በአንድ ሰው ላይ ይሆናል። የአንተ ሥዕል ጉድለት ካለው ይኼ ይመስለናል።

አሁን ወደ አባት ሁለተኛ ቃል እንመለስ። «ወሎን በችግር ያልሣለ ማን አለ?» ያሉት ነገር እኛንም አጥንታችን ድረስ ዘልቆ ተሰምቶናል፤ ምክንያቱም እውነት ነው።

በ1965 ዓ.ል. በወሎ ረሃብ ሲገባ መንግሥት ዝም አለ። ዝምታውን ከሰበሩት ነገሮች አንዱ በትክክል የሥዕል ትርዒት ነበር ማለት ይቻላል፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ል. ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። በዚያው ዓመት ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ተጎጂዎች በሸራ ላይ አሠፈራቸው። ያ ፊልም ግን ሌላም ታሪክ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ል. ምሽት፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ለሀገሩ ሕዝብ አሳየው። የወሎ እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ የታየችበት ምስል ዙፋን ለመገልበጫ ዋለ። ገልባጩ መንግሥት ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ የራሱን አብዮት በዓል ሲያከብር የ1977ቱን ረሃብ በተራው ሸፈነው። ያንንም የገለጠው ምስል ነው፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ል. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የቀረጸው ሰው ኬንያዊው ሙስሊም ሙሐመድ አሚን ነበር። (ሙሐመድ አሚን በኅዳር 1989 ዓ.ል. በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። አላህ ይዘንለት።)

እንግዲህ አባት ትክክል ናቸው። ወሎ በሌሎች እጅ ብዙ ጊዜ ተነስቷል፤ ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ ከሲታ ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ ነው። እነዚያ ምስሎች ብዙ ነፍስ ማዳናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን የተነሱት ሰዎች «ይሁን» ብለው አልነበረም፤ ከተነሱም በኋላ ምስሉ የት እንደሚሰቀልና ለምን እንደሚውል የጠየቃቸው የለም። በእስልምና የሰውን ገመና መሸፈን ትልቅ ዋጋ አለው። ረሃብተኛን ራቁቱን አንስቶ ዓለም ሁሉ እንዲያየው ማድረግ ከዚህ ትምህርት ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ አለማንሳት ደግሞ ሞቱን ከሸፈነው ባለሥልጣን ጋር መተባበር ይሆናል። ይህ ቋጠሮ ለእኛም አልተፈታልንም።

የአርዲቦው ሥዕል ግን ከዚያ ሁሉ የሚለይበት ነገር አለው። የሣለው የሐይቁ ልጅ ነው። የሚያየው የሐይቁ ሰው ነው። ገመናው የተገለጠ ሰው የለም፤ ውሃ ነው የተሣለው፣ ያውም ገና አልቆ ሳያልቅ። የ1965ቱ ፎቶዎች የታዩት ሰው ካለቀ በኋላ ነበር። ቀድሞ የሚሣል ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አባት ቢያስቡበት እንወዳለን።

ስለ ሌሎቹ ወጣቶችም ጥቂት እናውሳ። እንጨት ቀራጩ ሐረግና ማዕዘን እስከቀረጸ ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በሎጎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ያለበት ወንጌል አላቸው። የእኛ ሰዎች ደግሞ በዚያው በወሎ በየሐሪማው ጥበባቸውን ያዋሉት በፊደሉ ላይ ነበር፤ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፉ ሙስሐፎች፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎች፣ በቆዳ ላይ የታተመ ሐረግ ያላቸው ሽፋኖች ምስክር ናቸው። ከእነዚህ ምን ያህሉ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ እንዳሉ ማን ቆጥሯል? በ2014 ዓ.ል. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አያልፈውም። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸውን የእጅ ጽሑፎችና የቤት ዕቃዎች በግል ጥረታቸው ሰብስበው በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም አድርገውታል። ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ሰው ቤት ነው።

ሁለቱ ሴቶች ልጆች ደግሞ በደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ታልፈዋል። ይህ ትንሽ ቅር አሰኝቶናል። ስፌት እኮ እናቶቻችን የሳር ዓይነት ለይተው፣ አክርማውን ሰንጥቀው፣ ቀለም ነክረው፣ አንድ መሶብ ላይ ወራት ቆጥረው የሚሠሩት ነው፤ ለጥለቱ ሥዕል ቀድሞ በወረቀት አይነደፍም፣ ሁሉም በጭንቅላት ነው። «ለውጥ» ለተባለ ትርዒት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የአያትን ሙዳይ፣ የእናትን መሶብና የዛሬውን በፕላስቲክ ክር የተሠራ ስፌት ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ሳሩ ከየት እንደጠፋና ገበያው ምን እንዳመጣ ያለ አንድ ቃል ይነበባል። ሐረር ውስጥ የቤት ግድግዳ በስፌት ይሸለማል፤ እንግዳም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በእኛ በኩል ስፌት ከጓዳ ወጥቶ «ጥበብ ነው» እንዲባል የግድ ወንዶቹ ሠዓሊዎች መጋበዝ ነበረባቸው? ልጆቹ ቢያንስ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይስጧቸው።

ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስና፣ የውሃና የዳርቻ ሥዕል ሐራም ነው የሚል ከዑለማዎች አላገኘንም። ይህንን ለባለቤትዎ ሲነግሩ ግን ልጁ ባለበት አይንገሩ፤ የተረታ አባት በልጁ ፊት መቀመጥ አይችልም። ይልቅስ ከዐሱር ሶላት በኋላ ረጋ ብለው ሳለ ሥዕሉን ከፍራሽ ሥር አውጥተው ይዘርጉትና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው። ልጁ የአያቱን ዳርቻ ሥሏል፤ የራሱንም ሥሏል። በሁለቱ መሐል፣ አባቱ ልጅ ሳሉ ውሃው የት ድረስ እንደነበር ግን የተሣለ ነገር የለም። ያንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፈቃደኛ ከሆኑ ልጁን ይዘው ወደ ሐይቁ ይውረዱና ቦታውን በእግራቸው ረግጠው ያሳዩት። አራተኛው መስመር የአባት ይሁን። ሞተሩን በተመለከተ ደግሞ ከመስመሩ ማዶ ስንት እንዳለ አብረው ይቁጠሩ፤ ልጁም ያየውን ያህል ይሣል፤ ወይም አንዱንም አይሣል። እሱን ለሁለቱ ትተናል።

ለልጅቷ፣ ለጸሐፊያችን፦ ከዒዱ በኋላ የሆነውን ጻፊልን። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ግን አንቺ ያልሽውን ከእማዬ ቃል ለይተሽ ጻፊ፤ ያንቺንም መስማት እንፈልጋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።